ማሕሙድ የሸፈነው ፈረቃ

ራውዳ ውሸታም ሴት አይደለችም። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳሯ ባሏን በቁም ነገር የዋሸችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም አስባበት አልነበረም። ሐኪሙ በጀርመንኛ ተናግሮ ሲያበቃ፣ እሷ በአማርኛ ልትጀምር አፏን ስትከፍት ነው ያመለጣት።

በፈረንጆቹ 2012 መጋቢት ላይ የባሏ ምላስ መጎተት ጀመረ። ስሙ ሙሐመድጣሂር ነው፤ ሰዉ ሁሉ ግን ጣሂር ይለዋል። ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ሻንጣ ሲጭንና ሲያራግፍ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ስለሠራ ወገቤ ይከዳኛል ብሎ ይሰጋ ነበር እንጂ ምላሴ ብሎ አስቦ አያውቅም። ቀጥሎ ውሃ ሲጠጣ ትን ይለው ጀመር። ያም ሆኖ አልደነገጠም። የወሎ ሰው ነው፤ የፍራንክፈርት ሐበሻ ሙስሊሞች አዳራሽ ተከራይተው መውሊድ ሲያከብሩ መንዙማውን የሚያወጣው እሱ ነው። ድምፅ ያለው ሰው ድምፁ ሲዘጋ ምን እንደሚደረግ ያውቃል፦ ዝም ይላል፣ ማር በሙቅ ውሃ ይጠጣል፣ ይጠብቃል። እስከ ዛሬ ሁልጊዜ ተመልሶለታል።

ከብዙ መርፌና ከብዙ ቴርሚን፣ ከብዙ ቀጠሮ በኋላ የነርቭ ሐኪሙ ሁለቱንም ጠርቶ አስቀመጣቸው። የጣሂር ጀርመንኛ የሻንጣ ጀርመንኛ ነው፤ ከባድ፣ ቀላል፣ ተጠንቀቅ፣ ቶሎ በል። ራውዳ ግን እዚያው ፍሉግሃፈን ሽቶ መሸጫ ውስጥ ስለምትሠራ አንደበቷ የተፈታ ነው። ሐኪሙ አስተርጓሚ ላስመጣ ወይ ሲል "እኔ አለሁ" አለችው።

ሐኪሙ ደግ ሰው ነበር፤ ቀስ ብሎ ነው የነገራት። ጡንቻን የሚያዙት ነርቮች አንድ በአንድ እየሞቱ ነው፤ መድኃኒት የለውም። መጀመሪያ ድምፁ ይሄዳል፣ ምናልባት በስድስት በሰባት ወር ውስጥ። ሌላው በየተራው ይከተላል። "አሁን ንገሪው" አላት፤ "ጊዜ አለን፣ የፈለገውን ይጠይቅ።"

ጣሂር ከቢሮ የመጣ ደብዳቤ ስታነብለት እንደሚያያት አድርጎ ያያት ነበር። ፊቱ ላይ ፍርሃት አልነበረም። ፍርሃቱን ገና ያልጀመረ ሰው ፊት ማየት እንዴት እንደሚከብድ ያየው ያውቀዋል።

"ነርቭህ ተቆጥቷል ነው የሚለው" አለች። "ጊዜ ይፈልጋል እንጂ ይለቅሃል አለ።"

"ስንት ጊዜ?"

"ስድስት ወር... ሰባት ወር።"

"አልሐምዱሊላህ!" አለ ጣሂር፤ ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎም ለሐኪሙ ጎንበስ አለለት። ሐኪሙ ይህን ሲያይ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እንዲህ ያለ እምነት ከወዴት ይመጣል ብሎ ሳይገረም አልቀረም።

እንግዲህ የፈለገ ይፍረድባት። እኛ ግን እንዲህ ነን፤ ሰው ሞቶ እንኳ መርዶውን ለመንገር ሰዓት እንመርጣለን፣ ሽማግሌ እንመርጣለን፣ ቀድሞ እህል ቅመሱ እንላለን። የራውዳ አባት በካንሰር ሲሞቱ ጨጓራ ነው እየተባሉ ነው የሞቱት፤ ለቀስተኛው ሁሉ "ሳይጨነቁ ሄዱ" ብሎ ልጆቻቸውን አመስግኗል። እሷም ባሏን ከጭንቀት ያዳነችው መሰላት። ሐኪሙ የነገራትን እውነት ሆዷ ውስጥ ቀብራ፣ ባቡር ውስጥ አጠገቡ ተቀምጣ፣ ምሳ ምን ልሥራልህ እያለች ተመለሰች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጊንሃይም ሰፈር ያለው ቤታቸው አንዲት ኢንጂነር መጣች። ሐኪሙ ነው የላካት፤ ፍራው ኬስለር ትባላለች፣ ከአንድ የምርምር ተቋም። ሽበቷን አጭር የተቆረጠች፣ በብስክሌት የምትሄድ፣ ጫማዋን በር ላይ ማውለቅ ሳይነገራት የገባት ሴት። የምሳ ዕቃ የሚያህል ሣጥን ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና ለራውዳ አስረዳቻት። ጣሂር ሳሎን ሆኖ ቴሌቪዥን ያያል።

"በድምፅ የሚታዘዝ ዕቃ ዛሬ ብዙ አለ" አለች። "ችግሩ፣ ሁሉም በማይክ ብቻ ነው የሚሰማው። ምላስ ሲጎተት ማይኩ ይደናገራል። እኛ እነዚህን ጨመርንበት።" አራት ሳንቲም መሳይ ነገሮች አሳየቻት፤ ቆዳ ላይ ይለጠፋሉ፦ ሁለቱ አገጭ ስር፣ አንዱ ጉንጭ ላይ፣ አንዱ ማንቁርት አጠገብ። "ማይኩ ድምፁን ይሰማል፣ እነዚህ ደግሞ ጡንቻው እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ይለካሉ። ሣጥኑ ሁለቱን አንድ ላይ ይማራል። ድምፁ ሲደክም ጡንቻው ይሞላለታል። ድምፁ ጨርሶ ሲጠፋ፣ አፉን ማንቀሳቀሱ ብቻ ይበቃል።"

"ጨርሶ ሲጠፋም?" አለች ራውዳ።

"ጨርሶ ሲጠፋም። ግን ድምፁ እያለ ከተማረ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ማስተማር አንችልም። በየቀኑ ሃያ ደቂቃ፣ ጧት፣ ምላሱ ሳይደክም። እስከ ኅዳር።"

ቋንቋው አያሳስብም አለቻት፤ ሣጥኑ ጀርመንኛም አያውቅም፣ የሚያውቀው የሰውየውን አፍ ነው። ራውዳ አርባ ቃል በአማርኛ ጻፈች። መብራት። በር። ውሃ። አዙሩኝ። ትንፋሽ አጠረኝ። ለእሷ ስልክ እንዲደውልለት የመረጠችው ቃል የገዛ ስሟን ነበር።

ይህች ሣጥን ለራውዳ ምን ማለት እንደሆነች ማወቅ ያስፈልጋል። አላህ ልጅ አልሰጣቸውም፤ ቤቱ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ናቸው። እሷ የማለዳ ፈረቃ ነች፣ ጎህ ሳይቀድ ወጥታ ሰባት ሰዓት ላይ ነው የምትመለስ። ሣጥኗ ከሠራች ጣሂር አልጋው ላይ ሆኖ መብራት ያበራል፣ በር ይከፍታል፣ ይጠራታል፤ ቤቱ ይኖራል። ካልሠራች የሚቀረው ፍሌገሃይም ነው፤ አንድም ቃል የማይገባቸው ሰዎች የሚያገላብጡት መጦሪያ። ድምፅ የሌለው ሰው፣ ያውም የሚያውቀው ሰው በሌለበት። ሞቱን አስባ መጽናናት ችላለች፤ በዚህ ግን አልቻለችም።

ለጣሂር የነገረችው ሌላ ነው። "ጀርመኖቹ ጥናት አላቸው፣ የወሎ ድምፅ ጎደለን ብለው ነው" አለችው። ሳቀ። ሳንቲም መሳዩ ስቲከር እንዲይዝ አገጩ ስር ያለው ጺም መላጨት አለበት ስትለው ግን ሳቁ ቆመ።

"ለሰው ጥናት ብዬ ጺሜን?"

"ቃል ገብቻለሁ፤ አታሳፍረኝ።"

ላለማሳፈር ተላጨ። ከመውሊዱ በፊት ነርቩ ሲለቀው ጺሙም ይመለሳል። ለሣጥኗ ሲናገር ግን በሹክሹክታ ነበር፤ ያለችውን ድምፅ ለብረት ማባከን አልፈለገም። ራውዳንም አንድ ቀን ማታ እራት ላይ እንዲህ አላት፦ "ከእንግዲህ ብዙ አታናግሪኝ። እያስቀመጥኩት ነው።"

ራውዳ ምን ትበል? ተናገር፣ ያለህን ሁሉ ዛሬ ተናገር፣ እንዴት ትበለው? እሺ አለችው።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ጸጥ አለ። ጣሂር አዎ ለማለት ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋል፣ እምቢ ለማለት ራሱን ይነቀንቃል፣ ለቀረው በጣቱ ያሳያል። ጠያቂ ሲመጣ ራውዳ ራሷ በር ላይ ተቀብላ "አታናግሩት እባካችሁ፣ ድምፁን እያሳረፈ ነው" ትላለች። ጠያቂውም እርስ በርሱ ተጫውቶ፣ ዱዓ አድርጎ ይሄዳል። ጧት ጧት የሚመጣው ማሕሙድ ብቻ ነው። ማሕሙድ ከጣሂር ጋር ዐሥራ ስድስት ዓመት በአንድ ተንቀሳቃሽ ቀበቶ ላይ ሻንጣ ያነሳ ባልደረባው ነው፤ የከሰዓት ፈረቃ ስለሆነ ከሪደርቫልድ ባቡር ቀያይሮ መጥቶ፣ እሷ እስክትመለስ ያጫውተዋል። ጨዋታ አዋቂ ነው፤ አፉ ግን አያርፍም። እውነቱን ለእሱም ያልነገረችው ለዚህ ነው።

ራውዳ ከሥራ ስትመለስ መጀመሪያ የምታየው የሣጥኗን መብራት ነው። ቀይ ከሆነ የዚያን ቀን ትምህርት አልተሠራም፤ አረንጓዴ ከሆነ ተሠርቷል። ሁልጊዜ አረንጓዴ ነበር። በነሐሴ ፍራው ኬስለር ደወለችላት፤ ራውዳ ከሥራ ወጥታ ባቡር እየጠበቀች ነበር።

"ሰማንያ ስምንት በመቶ!" አለቻት። "ከመቶ ሙከራ ሰማንያ ስምንቱን ይለያል። በመጀመሪያው ሳምንት ከግማሽ በታች ነበር። ደግሞ የሚገርመው... ድምፁ አልደከመም። ቁጥሩ ላይ የሚታይ ድካም የለም። ሐኪሙም ይህን ማየት አለበት።"

ራውዳ ባቡሩ መጥቶ ሲሄድ አልተሳፈረችም። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ በሻርቧ ጫፍ ዓይኗን ትጠርግ ነበር። ሐኪም ሰው ነው፣ ይሳሳታል፤ አላህ የሚሳነው የለም። የዋሸችው ውሸት እውነት እየሆነላት መሰላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀለል አላት። አልፎ አልፎ ከጣሂር አፍ የምትወጣው ቃል የተጎተተችና የወፈረች ብትሆንም፣ ብዙ ዝም ያለ ሰው ነው ብላ አለፈችው። አገጩ ስር ጺሙ መልሶ ሲያቆጠቁጥ አየች፤ ስቲከሩ ለምዶ መያዝ ጀመረ ማለት ነው ብላ ያንንም አለፈችው። መስከረም ላይ ቁጥሩ ዘጠና ሦስት ደረሰ፣ ጥቅምት ላይ ዘጠና ስድስት። ተስፋ ያገኘ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚሄደው።

ኅዳር አጋማሽ ላይ የፈተናው ቀን ተቀጠረ። ራውዳ ፈቃድ ወስዳ ቀረች። ፍራው ኬስለር ሣጥኗን ከሳሎኑ መብራትና ከስልኩ ጋር አገናኘች። ማሕሙድም ቴምር ይዞ መጥቷል፤ የወዳጁን ምርቃት ሊያይ የመጣ ይመስል ነጭ ሸሚዝ ለብሷል።

ፍራው ኬስለር ስቲከሩን ልትለጥፍ የጣሂርን አገጭ ቀና አደረገችው። እጇ ቆመ።

"መቼ ነው የተላጨው?"

ራውዳ ተረጎመች። ጣሂር ወደ ማሕሙድ አየ። ማሕሙድ ወደ ቴምሩ አየ። ፍራው ኬስለር ምላጭ ጠይቃ ራሷ በጥንቃቄ ላጨችው። ሳንቲሞቹን ለጠፈችና በእጇ ምልክት ሰጠችው።

ጣሂር ጉሮሮውን ጠራረገ። ስድስት ወር ሙሉ ያስቀመጠውን ድምፅ ሊያወጣ ነው። አፉን ከፈተ፤ ከአፉ የወጣው ግን ቃል አልነበረም። ከአፍንጫው ጋር የተደባለቀ፣ ቅርጽ የሌለው፣ ቀጭን ነገር ነበር። ራሱም ደነገጠ። ደግሞ ሞከረ። መብራቱ አልበራም። "በር" አለ፣ ለማለት ሞከረ። "ውሃ"። ሣጥኗ ዝም አለች።

"ምናልባት ስለደነገጠ ነው" አለች ራውዳ። የምትናገረውን አታውቅም።

ማሕሙድ አላስቻለውም። ሰው ሲቸገር ቁጭ ብሎ ማየት አያውቅበትም።

"ቆይ፣ እኔ ልሞክረው" አለ ተነሥቶ። "ለኔ አንድም ቀን እምቢ ብሎኝ አያውቅም!"

ራውዳ ክው አለች። "ላንተ?"

"አዎ ለኔ! ሰኔ ላይ ስመጣ ይሄን ለጥፎ እየተሰቃየ አገኘሁት። ድምፁን እያሳረፈ አይደለም እንዴ? ተወው፣ አንተ ክራንክ ነህ፣ አሞሃል፤ ሺሽትህን፣ ፈረቃህን እኔ እሸፍንልሃለሁ አልኩት። አንድ ቀን አላጎደልኩም እኮ ራውዳ! ክረምቱን ሙሉ፣ አርባውንም ቃል፣ ሦስት ሦስት ጊዜ።" ጺም የሌለውን አገጩን በኩራት ዳሰሰ።

ሻንጣ ቤት ደንቡ እንዲህ ነው። አንዱን ወገቡን ሲያመው ሌላው ከባዱን ያነሳለታል፤ አንዱ ለሶላት ገለል ሲል ሌላው በእሱ በኩል የመጣውን ይቀበላል። ሻንጣው መነሣቱን እንጂ ማን እንዳነሣው የሚጠይቅ የለም። ሁለቱ በዚህ ደንብ ዐሥራ ስድስት ዓመት ኖረዋል፤ ማሕሙድ በሕይወቱ ከሠራው ደግ ሥራ ሁሉ ይህን ይበልጥ የሚወደው ይመስላል። ምን እያነሣ እንደሆነ የነገረው ሰው አልነበረም።

ፍራው ኬስለር ቃሉ ባይገባትም ነገሩ ገብቷታል። ሣጥኗን ነካካችና ከተቀዳው አንዱን አሰማች። የማሕሙድ ድምፅ ሳሎኑን ሞላው፤ ጥርት ያለ፣ ጤነኛ። "መብራት። መብራት። መብራት።" ቀጥሎ፦ "ራውዳ። ራውዳ። ራውዳ።" ስንት መቶ ጊዜ በሌላ ሰው ድምፅ ተጠርታለች!

ፍራው ኬስለር ሣጥኗን ዘጋች። ቁጣ አልነበረባትም፤ ቢኖርባት ይሻል ነበር።

"ድምፁ እንደማይመለስ ነግረሽው አልነበረም?" አለቻት።

ራውዳ ለመጀመሪያ ጊዜ አልተረጎመችም። መተርጎምም አላስፈለገም። የጣሂር ጀርመንኛ የሻንጣ ቢሆንም፣ የጠፋ ሻንጣ ባለቤት ሲመጣ "አይመለስም" የሚባለውን ቃል ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሰማው ኖሯል። ቀና ብሎ ሚስቱን አያት። ያ ሐኪም ቤት ያላየችው ፍርሃት አሁን መጣ፤ ዓይኑ ውስጥ ገብቶ ሲቀመጥ አየችው።

ፍራው ኬስለር ወዲያው ተስፋ አልቆረጠችም። የማሕሙድን ሁሉ አጥፍታ ከጣሂር እንደ አዲስ ለመጀመር ሞከረች። አንድ ሰዓት ያህል ለፉ። ከአርባው ቃል ሣጥኗ የለየችለት አንድም አልነበረም፤ ለሷ "ውሃ"ም "በር"ም አንድ ሆነባት። ምላሱም በመጨረሻ ጨርሶ አልንቀሳቀስ አለ። "ድምፁ ከሌለ የጡንቻውን ትርጉም የምናውቅበት መንገድ የለንም" አለች ሽቦዎቹን እየጠቀለለች። "ሣጥኑን የሚጠብቅ ሌላ ታማሚ አለ። በጣም አዝናለሁ።" ጫማዋን አጥልቃ ወጣች። ማሕሙድ ተከትሏት ወጣና ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሴት ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። እስከ ሦስተኛ ፎቅ ተሰማ።

ቤቱ ውስጥ ሁለቱ ቀሩ። ራውዳ ምንጣፉ ላይ፣ እግሩ ስር ተቀመጠች። ሁሉንም ነገረችው። ሐኪሙ ያለውን፣ እሷ ያለችውን፣ ነሐሴ ላይ ባቡር ጣቢያ ያለቀሰችውን ሳይቀር። የምትዘለው ነገር እንዳይኖር ቀስ ብላ ነገረችው። ጣሂር አላቋረጣትም። እንዴት ብሎ ያቋርጣት?

ስትጨርስ ወረቀትና እስክሪብቶ እንድትሰጠው አመለከታት። ጻፈ፦

"ሌላ ማን ያውቃል?"

"እኔ ብቻ" አለች። "እኔ ብቻ ነኝ።"

እንደሚቆጣ ጠበቀች፤ ቁጣውን ፈለገችው። ደግሞ ጻፈና ወረቀቱን ዘረጋላት።

"ስድስት ወር ሙሉ ዝም ያልኩሽ ለመውሊድ ብቻ መሰለሽ? ሲሻለኝ ላንቺ የማወራው ብዬ ያስቀመጥኩት ብዙ ነበር።"

ራውዳ ይህን ስታነብ የሆነችውን መናገር አይቻልም። ፍሌገሃይሙን አስባ ነበር፣ መብራቱን፣ በሩን፣ ስልኩን። ይህን አላሰበችም። ባሏ እራት ላይ አጠገቧ ተቀምጦ ስድስት ወር ሲያጠራቅም፣ እሷ ጠያቂውን አታናግሩት እያለች በር ላይ ስትጠብቅለት ነበር።

"ጻፍልኝ" አለችው ጉልበቱን ይዛ። "ያሰብከውን ሁሉ ጻፍልኝ። ጣሂር፣ በአላህ ይሁንብህ።"

ጣሂር እስክሪብቶውን አነሣ። ሁለት ቃል ጻፈ። ፊደሎቹ ከመጀመሪያው ወረቀት ይልቅ ተልቀዋል፣ መስመሩን ስተው ወደ ታች ወርደዋል። ሦስተኛውን ቃል ጀምሮ ተወው፤ እስክሪብቶው ከጣቶቹ መሐል ወጥቶ ጉልበቱ ላይ ወደቀ። ጣቶቹን አንድ ጊዜ አየና እንደገና አንሥቶ፣ በጭንቅ፣ ሌላ መስመር ላይ ጻፈ።

"ነገ። እጄ ደክሟል።"

ራውዳ አነበበችው። እሺ ልትል ነበር፤ እሺ የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

"ነገ የለም" አለችው። "ዛሬ ጻፍልኝ።"

እስክሪብቶውን ጣቶቹ መሐል መልሳ አስገባችና እንዳይወድቅ በራሷ እጅ ጨብጣ ያዘችለት። መስኮቱ ላይ ቀኑ እየመሸ ነበር። ጣሂር መጻፍ ጀመረ፤ እሷም እጁ የሚሄድበትን ብትከተልም፣ ፊደሎቹ ቅርጽ አጥተው የመጀመሪያው ቃል ምን እንደሆነ ማንበብ አቃታት።